የጠዋቱ የዓሣ ኖቲፊኬሽን ዓሣው ካለቀ በኋላ ይደርሳል (ፓይተን እና ፋየርቤዝ)

የአሞራ ገደል ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ነኝ። ሳምንት ሙሉ ያስጨነቀኝ ነገር ስላለ ያጋጠማችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

እናቴ አሞራ ገደል ዓሣ ገዝታ፣ ፊሌቶ አውጥታ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። አስጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው የሚመለሱት ጎሕ ሲቀድ ነው። የትኛው ጠዋት ጀልባው ሞልቶ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሴቶቹ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሐይቁ ዳር ብርድ ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እኔም ይኼን እያየሁ ስላደግኩ ትንሽ የአንድሮይድ አፕ ሠራሁላቸው። መዝጋቢው ልጅ ስንት ጀልባ እንደገባና የቆሮሶውን ዋጋ ይጽፋል፤ በፍላስክ የሠራሁት ሰርቨር ደግሞ በፋየርቤዝ ክላውድ ሜሴጂንግ በኩል ወደ 61 ስልክ ይልካል። ሐሳቡ ስልኩ ሲጮህ ከቤት ተነስተው እንዲሄዱ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ መልእክቱ የተላከው 12 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። የእማዬ ስልክ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። 2 ሰዓት ከ25 ሲሆን ሰዓት ልታይ ብላ ስታነሣው እጇ ላይ ጮኸ፤ «7 ጀልባ ገብቷል» ይላል። ስትደርስ የቀረ አልነበረም፤ ከቸርቻሪ በውድ ገዛች። «ልጄ፣ ይኼ ስልክ እኮ የሚነግረኝ ዓሣው ካለቀ በኋላ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አንጀቴን በላችኝ።

ሌላም አለ። አንዲት ጎረቤታችን ረቡዕ ዳታ አጥፍታ ዓርብ ስትከፍት የሦስት ቀኑ መልእክት ባንዴ ዘነበባት። የረቡዕን አንብባ የዛሬ መስሏት የባጃጅ ከፍላ ወረደች። አራት ሴቶች ደግሞ አንድም ቀን ደርሶን አያውቅም ይላሉ።

ሎጉ ግን በየጠዋቱ «61 ተልኳል» ነው የሚለው። ኮዱ ቀላል ነው፤ ፋየርቤዝ አድሚንን በሰርቪስ አካውንቱ የጄሰን ፋይል (የመላኪያው ቁልፍ) አስነሣለሁ፣ ቶክኖቹን (የየስልኩን መቀበያ አድራሻ) ለብዙ ስልክ ባንዴ በሚላከው መልቲካስት ሜሴጅ ውስጥ አስገብቼ ዳታ ብቻ እሞላለሁ፣ ሴንድ ኢች ፎር መልቲካስትን እጠራለሁ። ኖቲፊኬሽኑን የሚያሳየው አፑ ራሱ ነው። ኤረር የለም። ከኮምፒውተሬ ጋር በገመድ በተያያዘው በራሴ ስልክ ስሞክረው ወዲያው ይደርሳል። የት ጋ ነው የሳትኩት?

ታቦር ሥር

እኅቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ስልክሽ በገመድ ተያይዟል። ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ አይተኛም። የእናትሽ ግን ሌሊቱን ሳይነካ ቁም ሳጥን ላይ አድሯል። ከአንድሮይድ 6 (2015 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይነቃነቅ፣ ከቻርጅ ተነቅሎ የቆየ ስልክ ዶዝ ወደሚባለው እንቅልፍ ይገባል። አልፎ አልፎ ለአጭር ጊዜ ነቃ ብሎ የተጠራቀመውን ይቀበልና መልሶ ይተኛል፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ የሚነቃበት ጊዜ ይራራቃል። እማማ ሲያነሡት የጮኸው ስለነቃ ነው።

ዳታ ብቻ የያዘ መልእክት ካልነገርሽው በስተቀር ፕራዮሪቲው (የአጣዳፊነት ደረጃው) ኖርማል ነው። ኖርማል ደግሞ እንቅልፍ አይቀሰቅስም። መልቲካስት ሜሴጁ ላይ አንድሮይድ ኮንፊግ ጨምረሽ ፕራዮሪቲውን ሃይ አድርጊው። ነገር ግን ሃይ ያልሽው መልእክት በደረሰ ቁጥር ለተጠቃሚው የሚታይ ኖቲፊኬሽን ማውጣት አለበት። ሃይ እያልሽ በጓዳ ዳታ ብቻ የምታመላልሺበት ከሆነ ፋየርቤዝ አስተውሎ ወደ ኖርማል ሊያወርድብሽ ይችላል።

ስትሞክሪ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቂ። በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር በሚያዝዘው መሣሪያ) መጀመሪያ ባትሪው ከቻርጅ የተነቀለ እንዲመስለው አድርጊ፣ ቀጥሎ ዲቫይስ አይድልን ፎርስ አይድል በይው፤ ስልኩ እዚያው ይተኛልሻል። ያኔ ሁለቱንም ዓይነት ልከሽ አወዳድሪ።

ሌላው፣ «61 ተልኳል» የሚለው ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው? ከምላሹ ነው ወይስ የቶክኑን ዝርዝር ቆጥረሽ?

የአሞራ ገደል ልጅ

ዝርዝሩን ቆጥሬ ነበር። አሁን ምላሹን ከፍቼ አየሁት፤ የተሳካው 58፣ ያልተሳካው 3። ሦስቱም አንሬጂስተርድ (ቶክኑ ከእንግዲህ አይሠራም) ይላሉ። ኤረር ቢኖር ፕሮግራሙ ይቆማል ብዬ ነበር የማምነው።

ዶዙን ሞከርኩት። ኖርማሉ ዝም አለ፤ ሃዩ ወዲያው ጮኸ። ታቦር ሥር፣ እግዜር ይስጥህ!

አዳማ ኮድ

አዳማ ላይ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ማስታወሻ ስሠራ የጎረቤታችሁ ዓይነት ነገር ገጥሞኛል፤ ያለፈ ቀጠሮ እየደረሳቸው የመጡ በሽተኞች ነበሩ። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፈው ከሩቅ ቀበሌ ድረስ በከንቱ መጥተው ሳይ ያደረብኝ ቅያሜ በራሴ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መልእክቱ ስልኩ ኔትወርክ ላይ እስኪመጣ ይቀመጣል፤ የጊዜ ገደብ ካላስቀመጥሽ እስከ 4 ሳምንት ይጠብቃል። ዓሣ ደግሞ 4 ሳምንት አይጠብቅም። እዚያው አንድሮይድ ኮንፊግ ውስጥ ቲቲኤል የሚባል አለ፤ በሰከንድ ወይም በፓይተኑ ታይምዴልታ ይሰጠዋል። ገበያው በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚያልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 7200 ሰከንድ በይው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልደረሰ ይቅር። ዜሮ ካልሽው «አሁን ካልሆነ ይቅር» ማለት ነው፤ ኔትወርክ ለደቂቃ ሲቆራረጥ ስለሚጠፋብሽ ያንን አልመክርም።

ኮላፕስ ኪይም ጨምሪ። አንድ ጠዋት ላይ ዋጋው ሦስቴ ቢቀየር፣ ስልኩ ጠፍቶ የቆየ ሰው ሦስቱንም ሳይሆን የመጨረሻውን ብቻ ያገኛል፤ ተመሳሳይ ኪይ ያለው አዲስ መልእክት የሚጠብቀውን አሮጌ ይተካዋል። ለአንድ ስልክ ባንድ ጊዜ የሚያዙት 4 የተለያዩ ኪዮች ብቻ ስለሆኑ ቀኑን ኪይ አታድርጊው፤ «ቆሮሶ» አንድ፣ «አምባዛ» አንድ ይበቃል። መልእክቱ ውስጥም የተላከበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ። ያ ብቻውን ጎረቤታችሁን ከባጃጅ ወጪ ያድናቸው ነበር።

ሰዓት ካነሣሁ አይቀር፦ ወደፊት በክሮን (በተወሰነ ሰዓት ራሱ ሥራውን በሚያስጀምረው) የምትልኪ ከሆነ ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው የሚሄዱት። እኔ የጠዋቱን 12 ሰዓት በልማዴ 12 ብዬ ጻፍኩት፤ የደረሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። የእኛ የጠዋት 12 በዩቲሲ 3 ነው።

ማርታ የአንድሮይድ

ስለ አራቱ ሴቶች ልናገር። ሦስቱ አንሬጂስተርድ ያሉሽ ስልኮች ሳይሆኑ አይቀሩም። አፑን አጥፍተው መልሰው ሲጭኑ ወይም ዳታውን ሲያጸዱ ቶክኑ ይቀየራል፤ አንቺ ጋ ያለው አሮጌው ነው። አፑ ውስጥ ኦን ኒው ቶክን ሲጠራ አዲሱን ወደ ሰርቨር ትልኪያለሽ? መጀመሪያ ሲመዘገቡ ብቻ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። አንድሮይድ ላይ 270 ቀን ያልተጠቀሙበት ቶክንም ጊዜው ያልፍበታል። ከምላሹ ውስጥ እያንዳንዱ መልስ የሚመጣው በቶክኖቹ ቅደም ተከተል ስለሆነ በፓይተኑ ዚፕ ቶክኑንና መልሱን አጣምረሽ አንሬጂስተርድ ያለውን ከዳታቤዝ ሰርዢ። ሌላውን ኤረር ግን አትሰርዢ፤ ያ ምናልባት ቆይተሽ እንደገና የምትሞክሪው ነው። ባንድ ጥሪ 500 ቶክን ነው የሚቻለው፤ 61 ላይ ስላለሽ ለጊዜው አያሳስብሽም።

አራተኛዋ ሴት አንድሮይድ 13 ወይም ከዚያ በላይ የያዘ ስልክ ይዛ ከሆነ «ኖቲፊኬሽን ይላክ?» የሚለውን ጥያቄ «አይ» ብላ ይሆናል። በ2022 እ.ኤ.አ. የመጣ ፈቃድ ነው። ሰርቨርሽ ያንን አያውቅም፤ ተሳካ ነው የሚልሽ፣ ምክንያቱም «ተሳካ» ማለት ፋየርቤዝ ተቀበለ እንጂ ስልኩ ጮኸ ማለት አይደለም። እባክሽ ጥያቄውን ከማውጣትሽ በፊት በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ለምን እንደሆነ አስረጂያቸው። እንግሊዝኛ ሲያዩ «አይ» ማለት ሰው የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው።

ያ የጄሰን ፋይልሽ ደግሞ ጊትሃብ ላይ እንዳይወጣ። እሱን ያገኘ ሰው በአንቺ ስም ለሁሉም መላክ ይችላል።

የአሞራ ገደል ልጅ

ሁሉንም አደረግኩት። ቲቲኤሉን 5400 አድርጌዋለሁ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሐይቁ ዳር ፊሌቶ የሚሆን ዓሣ አይገኝም። ሦስቱን ሴቶች ቤታቸው ድረስ ሄጄ አፑን ከፈትኩላቸው፣ አዲሱ ቶክን ገባ። አራተኛዋም ማርታ እንዳለችው ነበር፤ «አይ» ያለችው ገንዘብ የሚቆረጥባት መስሏት ነው።

ዛሬ 12 ሰዓት ከ8 ላይ 5 ጀልባ ገባ። እማዬ ገና እሳት እያያያዘች ነበር፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ጮኸ። ነጠላዋን አገላድማ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። ሐይቁ ዳር የደረስነው አስጋሪው ገና ዓሣውን ከመረቡ እየነቀለ ሳለ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እዚያ ሁሉም ሴት ተሰብስባ ስልክ ሲጮህ ሁሉም ኪሷን ትዳስሳለች። ድምፁን ለዓሣው ብቻ ልቀይር ብዬ ኮዱን ነካሁት፣ አልቀየር አለኝ።

ማርታ የአንድሮይድ

የኖቲፊኬሽኑ ቻናል (ድምፁ የሚቀመጥበት ምድብ) አንዴ ከተፈጠረ ድምፁን አፑ መለወጥ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ የስልኩ ባለቤት ነው። በአዲስ መለያ አዲስ ቻናል ፍጠሪ፣ ድምፁን እዚያው ስትፈጥሪው ስጪው፣ አሮጌውን ሰርዢ። ሰርቨሩን መንካት አያስፈልግሽም፤ ኖቲፊኬሽኑን የሚያወጣው አፑ ስለሆነ እዚያ ብቻ አዲሱን መለያ ጥሪው።