ከ12ኛ በኋላ፦ ኮንስትራክሽን ልማር ወይስ በቀጥታ ሳይት ልግባ?

የልደታው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ጨርሻለሁ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ግን አልመጣልኝም። አጎቴ ግንበኛ ነው። «ና ረዳት ሆነህ ጀምር፣ በዓመት ውስጥ እጅህ ይፈታል» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ተግባረ ዕድ ወይ ጄኔራል ዊንጌት የሙያ ኮሌጅ ገብቼ በሕንፃ ግንባታ ሌቨል (የሙያ ደረጃ) እንድይዝ ነው የምትፈልገው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሜክሲኮ ስወርድ ሰንጋ ተራ ላይ ያለውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ሁሌ ቀና ብዬ አየዋለሁ። 209 ሜትር! እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሠራ ሰው ሥራ ያጣል ብዬ ማሰብ ይከብደኛል። ግን ሰፈራችን ውስጥ ሰርተፍኬት ይዘው ቁጭ ያሉም አሉ። የቱ ያዋጣኛል?

ቱንቢ፦
ወንድሜ፣ ሳይት ላይ 17 ዓመቴ ነው፣ አሁን ፎርማን ነኝ። የጀመርኩት አሸዋ በማመላለስ ነው። እጄ ቶሎ ተፈታ፣ ፕላን ማንበብ ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ስለዚህ ለዓመታት ኢንጂነሩ መጥቶ እስኪያሳየኝ ቆሜ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን የኮለን (የምሰሶ) ፌሮ፣ ማለትም ብረቱን፣ ስናስር ስታፋውን (ቋሚዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀለበት) ከታች እስከ ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትር አስኬድኩት። ሥዕሉ ላይ ግን ወደ ሁለቱ ጫፎች በየ10 ይል ነበር። ተቆጣጣሪው መጥቶ በሜትር ለካ፣ ሁሉም ይፈታ አለ። የሁለት ቀን ሥራ! ፌራዮዎቹ (ብረት አሳሪዎቹ) አንድ ቃል አልተናገሩኝም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ። በዚያው ዓመት ማታ ትምህርት ተመዘገብኩ።
አጎትህም እናትህም ልክ ናቸው። ኮሌጅ ግባ፣ ግን ምዝገባው እስኪደርስ ከአጎትህ ጋር ዋል። ስትማርም ቅዳሜና ክረምቱን ከሳይት አትጥፋ። ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ የማያውቅ ተመራቂ ሲመጣ እኛ ገና ሲራመድ እናውቀዋለን።

እህት ቴክኦፍ፦
ሰርተፍኬት ይዘው ከተቀመጡት አንዷ ነበርኩ። ሌቨል 4 ጨርሼ ሲኦሲውንም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፌ ስድስት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ቦሌም ካዛንቺስም ሲቪ ያላስገባሁበት የለም፣ ሁሉም ልምድ ይላል። በመጨረሻ ስቶር ኪፐር ሆኜ ገባሁ። አንድ ቀን ፌሮ ሲራገፍ ቆጥሬ ክብደቱን አሰላሁት። የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ራሱን በራሱ አባዝተህ ለ162 ታካፍላለህ፣ የአንዱን ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጥሃል። ባለ 12 ከሆነ 144 ለ162፣ ማለትም 0.89 ገደማ። አንዱ ፌሮ 12 ሜትር ነው፣ ስለዚህ 10 ኪሎ ከ700 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም! ኢንጂነሩ እንደገና አስቆጠረ፣ ልክ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴክኦፍ፣ ማለትም ከፕላን ላይ የሚያስፈልገውን ዕቃና ሥራ መጠን ማስላት፣ ያሠራኝ ጀመር፣ ዛሬ የምበላው በእሱ ነው። ስለዚህ ሌቨሉ ከንቱ አይደለም፣ በሩን የሚከፍተው ግን ሳይት ላይ መገኘት ነው። ኮሌጅ ስትመርጥ ሠልጣኞቹን ለልምምድ የት እንደሚልክ ጠይቅ። ኦቶካድም (በኮምፒውተር ፕላን መሣያውን) ከአሁኑ ልመድ።

የካዛንቺስ ለሳኝ፦
እኔ ስለ ገንዘቡ ልናገር። ሲሚንቶ ሲጠፋ ወይ ዋጋው ሲሰቀል አርማታ ይቆማል፣ መጀመሪያ የሚቀነሰውም የቀን ሠራተኛው ነው። ፊኒሺንግ የያዘ ሰው ግን ያን ያህል አይጎዳም፣ ምክንያቱም ሰው የገባበትንም ቤት ያስጠግናል። ልስን፣ ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ ቧንቧ፣ ከነዚህ አንዱን ጠንቅቀህ ያዝ። በቁርጥ ስትሠራ ክፍያው በካሬ ነው፣ ፈጣን ከሆንክ ከቀን ደሞዝ በጣም ይሻላል። ግን ሳትፈራረም አንድ ግድግዳ እንዳትነካ። እኔ አንድ ሙሉ ፎቅ ለስኜ «ነገ ና» እየተባልኩ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ፣ ግማሹን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩም። በቃል ነበር የተስማማነው፣ ምን ይዤ ልክሰስ?
ደግሞ ከፍታ ላይ ቀበቶ ካልሰጡህ አትውጣ። ጓደኛዬ ከባህር ዛፍ መወጣጫ ወድቆ ወገቡ ተጎድቷል፣ ዕድሜው ገና 26 ነው።

የልደታው ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለእናቴ አነበብኩላት፣ ስለ ቀበቶው ስትሰማ ደነገጠች። ሰኞ ከአጎቴ ጋር እጀምራለሁ፣ ምዝገባ ሲከፈት ደግሞ ተግባረ ዕድ እሞክራለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?

ቱንቢ፦
ሜትር፣ እርሳስና ትንሽ ደብተር። በሸራ ጫማ እንዳትመጣ፣ የፎርምወርክ (አርማታ የሚፈስበት ቅርጽ) ምስማር ሶሉን በስቶ ነው የሚገባው። ሄልሜት ሳይቱ ይሰጥሃል፣ ካልሰጡህ ለአጎትህ ንገረው።