የፓች ሪቪው ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 3፦ እስከ አርብ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊዋ (ሰኞ ጠዋት 3፡10)
ረቂቅ 3 ይኸው። ረቂቅ 2 ላይ የተባላችሁበትን በሙሉ አውጥቼዋለሁ። ባጭሩ ከማህበራችን ወደ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት) የሚሄድ ማንኛውም ፓች (የኮድ ማስተካከያ) መጀመሪያ እዚህ ሁለት አባል ያየዋል፣ ከዛ ነው የሚላከው። የምንጀምረው በዶንግል ነው፣ ከርነሉ የማያውቃቸውን ዩኤስቢ ሞደሞች ከየቤታችሁ ለቅመን መለያ ቁጥራቸውን እናስገባለን። ጊዜው 6 ወር፣ በጀቱ 85 ሺህ፣ እሱም ዶንግል መግዣ፣ የሁለት ቀን አዳራሽ ከነዋይፋዩ እና ምሳ። ገንዘብ ሰጪዎቹ የሚለካ ውጤት ስላሉ 40 የገባ ፓች ብያለሁ። ቅዳሜ ለቦርድ ይገባል፣ ከአርብ በኋላ አስተያየት የሚያመጣ ሰው ከኔ ጋር ይጣላል።

ታብ 8 (ሰኞ ጠዋት 3፡42)
40 ከየት መጣ? ቁጥር አስቀምጠሽ ሰው ስትልኪ የሚመጣው ቆሻሻ ነው። በፈረንጅ 2020 ሃክቶበርፌስት (የኦፕን ሶርስ ኮድ ዘመቻው) ላይ ቲሸርት ለማግኘት ስንቱ ሪድሚ ፋይል ላይ አንድ ቃል እየጨመረ ሲልክ አልነበር እንዴ፣ መጨረሻ ላይ የፕሮጀክቱ ባለቤት ካልፈቀደ አይቆጠርም አሉ። ከርነል ላይ ደግሞ ይብሳል፣ አንዴ ስም ከጠፋ ጠፋ። 2021 ላይ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ስህተት ያለበት ፓች ላኩ ተብሎ ከከርነሉ ኃላፊዎች አንዱ ግሬግ ክሮሃ ሃርትማን ከዛ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣውን በሙሉ ዘጋው፣ ድሮ የገባው ሁሉ እንደገና ተመረመረ። ምንም የማያውቀው ተማሪም አብሮ ነው የተዘጋበት። እኛ ተንኮል ባናስብም 40 የማይረባ ፓች ከአንድ ማህበር ከሄደ ያው ነው።

ገንዘብ ያዥ (ሰኞ ጠዋት 4፡05)
ቁጥር ከሌለው ገንዘብ የለም። ይሄን ባለፈው ዓመትም ተናግሬ ነበር፣ ያኔም አልሰማችሁኝም፣ የሆነውን አይታችኋል።

ኦፕሽን ዶት ሲ (ሰኞ ቀን 6፡30)
የኔ ፓች ካለቀ ቆየ። አንድ መስመር ነው፣ ኦፕሽን የሚባለው የሞደም ድራይቨር (እቃውን የሚያሠራው ኮድ) ዝርዝር ውስጥ የአምራቹና የእቃው ቁጥር። የዶንግሉ ችግር የታወቀ ነው፣ ስትሰካው መጀመሪያ ሲዲ ነኝ ብሎ ይመጣል ውስጡ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ነው ያለው፣ ሞድስዊች የሚባለው ፕሮግራም ሲዲነቱን ካስጣለው በኋላ ደግሞ ከርነሉ ቁጥሩን ስለማያውቀው ሲሪያል ፖርት (ሞደሙን የምናዝበት መስመር) አይወጣም። ቁጥሩን በእጄ ኒው አይዲ የሚባለው የድራይቨሩ ፋይል ላይ ስጽፍለት ግን ወዲያው ይነሳል። ማን ያይልኛል?

ጀሞ 3 (ሰኞ ማታ 2፡15)
አየሁት። ኢንተርፌስ 4ን (የዶንግሉን አንድ ክፍል) እንዳይነካው አላልከውም፣ እሱ ኔትዎርኩ ነው፣ ኦፕሽን ድራይቨር ቀድሞ ከያዘው ኔትዎርኩን መያዝ ያለበት የኪውኤምአዩ ድራይቨር ባዶ እጁን ይቀራል። ሲሪያል ፖርቱ ስለወጣ ደስ ብሎህ ነው እንጂ በፒፒፒ፣ በድሮው ቀርፋፋ መንገድ፣ እየተንፏቀቅክ ነው። ሪዘርቭድ ብለህ አስወጣው። ደግሞ የዩኤስቢ ዲቫይስስ አውትፑት (የዶንግሉ ክፍሎች ዝርዝር) ኮሚት ሜሴጁ (የፓቹ ማብራሪያ) ውስጥ የለም፣ ሜንቴይነሩ (ፓቹን የሚቀበለው ኃላፊ) መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው፣ የትኛው ኢንተርፌስ ዲያግ (መመርመሪያ) የትኛው ኤቲ (ትእዛዝ መቀበያ) የትኛው ሞደም እንደሆነ ለይተህ ጻፍለት። እና መስመሩን ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አትለጥፈው፣ ቅደም ተከተል አለው።

ኦፕሽን ዶት ሲ (ሰኞ ማታ 2፡20)
ኧረ በስማም፣ ለካ ለዛ ነው ኢንተርኔቱ የሚያዘግመው። ነገ ቪ2 (የታረመውን) አመጣለሁ

አዳማ (ሰኞ ማታ 2፡31)
እኔም አለሁበት፣ 3 ዶንግል አለኝ። ሪቪውም አደርጋለሁ

የድሮው ሊቀመንበር (ማክሰኞ ጠዋት 2፡00)
ሁሉም ጥሩ። ግን ፓቹ ላይ ሳይንድ ኦፍ ባይ የሚለው የፊርማ መስመር ላይ የማን ስም ነው የሚገባው? በማህበሩ ብር በተገዛ ዶንግል፣ በማህበሩ አዳራሽ ከተሰራ የማህበሩ ስም ነው መግባት ያለበት። ፎንቱ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሰባት ሰው ለፍቶ አንድ ሰው ሲቪው ላይ ጻፈው። ይሄ ሳይፈታ ረቂቁ ቦርድ መግባት የለበትም።

ታብ 8 (ማክሰኞ ጠዋት 2፡25)
አይቻልም። ያ መስመር የክብር መዝገብ አይደለም። መስመሩ በፈረንጅ 2004 የገባው ኤስሲኦ የሚባል ኩባንያ በሊኑክስ ኮድ የተነሳ ከፍቶት የነበረው ክስ ካመጣው ጣጣ በኋላ ነው፣ ኮዱን ከየት እንዳመጣው የሚያውቅና የመላክ መብት አለኝ ብሎ የሚፈርም ሰው እንዲኖር። ሰው። ማህበር አይፈርምም።

የድሮው ሊቀመንበር (ማክሰኞ ጠዋት 2፡40)
ማህበሩ ህጋዊ ሰውነት አለው፣ ማህተም አለው፣ ባንክ ይፈርማል፣ ለከርነል ሲሆን ነው የማይፈርመው?

ታብ 8 (ማክሰኞ ጠዋት 2፡44)
ከርነሉ ማህተም አያነብም ጋሼ

ጀሞ 3 (ማክሰኞ ጠዋት 3፡02)
ድሮ የከርነሉ ደንብ እውነተኛ ስም ይል ነበር፣ በፈረንጅ 2023 የታወቀ ማንነት ብለው አላልተውታል፣ ስም የለሽ ግን አሁንም አይቀበሉም። በተለይ ከኤክስዜድ (የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራሙ) ጉድ በኋላ። ማርች 2024 የሆነውን አስታውሱ፣ ማንም በአካል የማያውቀው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ሰራተኛ መስሎ ቆይቶ ነው ፕሮግራሙ ውስጥ የጓሮ በር የከፈተው፣ ያውም የተያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያው) ግማሽ ሰከንድ ዘገየብኝ ብሎ ስለጠረጠረ ነው። አሁን ከማይታወቅ ማህበር በማህበር ስም ፓች ሲመጣላቸው ምን የሚሉ ይመስላችኋል?

የድሮው ሊቀመንበር (ማክሰኞ ጠዋት 3፡10)
"የማይታወቅ ማህበር"። እናመሰግናለን። ይሄን ማህበር ስናቋቁም አንቺ የት እንደነበርሽ እግዜር ይወቅ።

ጀሞ 3 (ማክሰኞ ጠዋት 3፡12)
8ኛ ክፍል ነበርኩ ጋሼ። ለነሱ የማይታወቅ ማለቴ ነው፣ አይጣመምብኝ

ሲያትል ነኝ (ማክሰኞ ቀን 8፡50)
አሁን ነው የነቃሁት። ለዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መፍትሄ አለው፣ የግል ስምህን ጽፈህ ቀጥሎ በቅንፍ ድርጅትህን ታስገባለህ። ከከርነሉ ሰዎች ስቲቨን ሮስቴት በቅንፍ ጉግል እያለ ይፈርም ነበር። ማህበሩም በቅንፍ ይግባ፣ አለቀ።

አዳማ (ማክሰኞ ቀን 9፡00)
አሪፍ ነው። ኮ ዴቨሎፕድ ባይ (አብሮ የሰራ) የሚል መስመርም አለ፣ ሰባት ሰው ቢሰራውም ሁሉም ይገባሉ

ታብ 8 (ማክሰኞ ቀን 9፡07)
ኮ ዴቨሎፕድ ስር ወዲያው የዛው ሰው ሳይንድ ኦፍ ይከተላል፣ ሰባት ሰው ማለት 14 መስመር ማለት ነው፣ የፓቹ ኮድ ደግሞ ከእርማቱ ጋር 2 መስመር። ሰው ይስቅብናል። ሪቪውድ ባይም (አይቼዋለሁ የሚለው መስመር) እንደዛው፣ የማይታወቁ 12 ሰዎች እርስ በርስ ሪቪውድ ቢሰጣጡ ዋጋ የለውም፣ ዶንግሉ እጁ ላይ ያለ አንድ ሰው ቴስትድ ባይ (ሞክሬዋለሁ) ቢሰጥ ይሻላል።

የድሮው ሊቀመንበር (ማክሰኞ ማታ 1፡15)
በቅንፍ ከሆነ እቀበላለሁ። ግን በቅንፍ የሚገባው ሙሉ ስሙ ነው፣ ምህጻረ ቃሉ አይደለም። እና ኢሜይሉ የማህበሩ ኢሜይል መሆን አለበት፣ ጂሜይል ሆኖ ማህበር የለም።

ገንዘብ ያዥ (ማክሰኞ ማታ 1፡21)
የማህበሩ ኢሜይል የለም እኮ። ዶሜኑ (የማህበሩ የኢንተርኔት ስም) ሳይታደስ ወድቋል።

የድሮው ሊቀመንበር (ማክሰኞ ማታ 1፡22)
እንዴት ነው የወደቀው?

ገንዘብ ያዥ (ማክሰኞ ማታ 1፡24)
እርስዎ ሊቀመንበር በነበሩበት ጊዜ ነዋ። ማስታወሻው ወደ እርስዎ ኢሜይል ነበር የሚመጣው። እኔ ዶላር ከየት አመጣለሁ፣ ካርዱ የማን ነበር? ሪፖርቱ ውስጥ ደግሞ "የዌብሳይት ማደሻ" ተብሎ ብር ወጥቷል። ደረሰኙን እስካሁን አላየሁትም፣ እየጠበቅኩ ነው።

የድሮው ሊቀመንበር (ማክሰኞ ማታ 1፡40)
እኔ ሌባ ነኝ እያልከኝ ነው? በአደባባይ? ከኪሴ ስንት አውጥቼ አዳራሽ ስከራይላችሁ የነበርኩ ሰውዬ? ሲኤምሲ ድረስ በታክሲ እየተመላለስኩ? በቃ፣ መልካም ስራ።

*(የድሮው ሊቀመንበር ከግሩፑ ወጥተዋል)*

ጸሐፊዋ (ማክሰኞ ማታ 1፡43)
በጣም ጥሩ። እሳቸውን ማን ነው አሁን የሚመልሳቸው? የባንኩ ፊርማ ላይ እኮ ገና ስማቸው አልወጣም።

ሲያትል ነኝ (ማክሰኞ ማታ 2፡30)
ደውዬላቸዋለሁ፣ ተናደዋል ግን ይመለሳሉ። አንተም ገንዘብ ያዥ ያንን በውስጥ ማለት ትችል ነበር። ዶሜኑን እኔ ልክፈለው፣ እዚህ 15 ዶላር የማትሞላ ነገር ናት፣ በኔ ስም ላውጣውና ኢሜይል ልክፈትላችሁ።

ገንዘብ ያዥ (ማክሰኞ ማታ 2፡34)
በአንተ ስም አይሆንም። ፌስቡክ ገጹ በውጭ ባለ ሰው ስም ነበር፣ ሰውየው ሲኮርፍ ገጹም አብሮ ኮረፈ።

ሲያትል ነኝ (ማክሰኞ ማታ 2፡50)
እኔን ነው? ይሄን ሁሉ ዓመት መዋጮ በዶላር ስከፍል የቆየሁ ሰው ላይ ነው ይሄ የሚባለው? እሺ አልከፍልም፣ እናንተው አውጡት።

ታብ 8 (ረቡዕ ጠዋት 2፡10)
ዶሜን ቢኖርም አይሰራም፣ ይሄን ካሁኑ ልበላችሁ። ያኔ የነበረን ኢሜይል ከስር "ይህ መልዕክት ሚስጥራዊ ነው ለተላከለት ሰው ብቻ" የሚል ፉተር ይለጥፍ ነበር፣ ሚስጥራዊ የሚል ያለበትን ፓች አይነኩትም፣ ፓች የሚላክበት የኢሜይል ዝርዝር ለዓለም ክፍት ነው። ኤችቲኤምኤል ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ይጥለዋል። ጂሜይልም ብትሉ ብሮውዘሩ ላይ ከሆነ ታቡን ወደ ስፔስ ይቀይረዋል መስመሩን ይሰብረዋል፣ ፓቹ አይገጥምም። ጊት ሴንድ ኢሜይል (ፓች ሳያበላሽ በኢሜይል የሚልከው ትእዛዝ) ተማሩ፣ የማንም አድራሻ ቢሆን በሱ ይሄዳል። ሁለቱን ቀን አዳራሽ ይሄን ብናስተምርበት ይሻላል።

ጀሞ 3 (ረቡዕ ጠዋት 2፡30)
እስማማለሁ። እና አንድ ቀላል ነገር ልበል፣ ኦፕሽን ዶት ሲ በራሱ ስምና ኢሜይል ዛሬ ይላከው። መለያ ቁጥር ብቻ የሚጨምር ፓች ሜርጅ ዊንዶው (አዲስ ኮድ የሚገባበት ጊዜ) አይጠብቅም፣ ስቴብል (የወጡ ከርነሎች ጥገና) ላይም ይፈቀዳል፣ ትንሽ ነው ማንንም አይጎዳም። መልስ ካልመጣ ቢያንስ ሳምንት ጠብቆ ማስታወስ ነው። ማህበሩ በኋላ ይደርሳል።

ጸሐፊዋ (ረቡዕ ጠዋት 2፡41)
በራሱ ከላከ ለሪፖርቱ የኛ ሆኖ አይቆጠርም እኮ

ጀሞ 3 (ረቡዕ ጠዋት 2፡42)
😐

*(ሲያትል ነኝ የድሮውን ሊቀመንበር ወደ ግሩፑ መልሷል)*

የድሮው ሊቀመንበር (ረቡዕ ማታ 12፡30)
ደረሰኙን ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፣ ለገንዘብ ያዥ በውስጥ ልኬዋለሁ። ሁለት ዓመት ተከፍሏል፣ ሦስተኛው ነው ያለፈው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ገንዘብ ያዥ (ረቡዕ ማታ 12፡52)
ደርሶኛል። ልክ ነው። ቃሌ ከብዶ ከሆነ ይቅርታ፣ ግን ሂሳብ ሂሳብ ነው።

የድሮው ሊቀመንበር (ረቡዕ ማታ 12፡55)
ይሁን። ስለ ቅንፉ ግን አልተወሰነም። ሙሉ ስሙ ነው የምለው።

ታብ 8 (ረቡዕ ማታ 1፡10)
ሙሉ ስሙ ወደ እንግሊዝኛ ሲጻፍ ከመስመሩ ይወጣል። 75 ፊደል ነው የኮሚት ሜሴጅ ወርድ።

የድሮው ሊቀመንበር (ረቡዕ ማታ 1፡12)
እንደ ሳይንድ ኦፍ ባይ ያሉ መለያ መስመሮች ላይ ያ ገደብ እንደማይሰራ አንብቤያለሁ ዛሬ። አይታጠፉም ነው የሚለው።

ታብ 8 (ረቡዕ ማታ 1፡25)
...እሱስ ልክ ነዎት

አቃቂ (ሐሙስ ጠዋት 4፡00)
ከላይ አላነበብኩም፣ ቲሸርት አለ ወይ?

ጸሐፊዋ (ሐሙስ ማታ 2፡00)
ቦርዱ ጋ ደውዬ ነበር፣ ማህበር ከሆነ የራሱ ኢሜይል ይኑረው ብለዋል፣ ስለዚህ ረቂቅ 4 እንዲህ ሆኗል። ምዕራፍ አንድ ዶሜን ማስመለስና ለአባላት ኢሜይል መክፈት፣ ያለ ፉተር (ታብ 8 ልብ በል)። ምዕራፍ ሁለት የሁለት ቀን የጊት ሴንድ ኢሜይል ስልጠና፣ ውጤቱ "40 የሰለጠነ አባል"፣ ፓች የሚለው ወጥቷል። ዶንግል መግዣው 30 ሺህ ወደ ሆስቲንግና ቲሸርት ዞሯል። የፓች ሪቪው "በቀጣይ ዙር" ተብሏል። ሪቪው አደርጋለሁ ያላችሁ በስልጠናው አሰልጣኝ ሆናችሁ ተጽፋችኋል፣ አዳማ ሁለተኛውን ቀን አንተ ነህ።

ጀሞ 3 (ሐሙስ ማታ 2፡08)
የመጣንበትን ነገር አወጣችሁት እኮ። እኔን ከአሰልጣኝ አውጪኝ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ አዲስ ስራ እጀምራለሁ ጊዜ የለኝም።

ጸሐፊዋ (ሐሙስ ማታ 2፡15)
እንኳን ደስ አለሽ። አዳማ?

ጸሐፊዋ (አርብ ጠዋት 3፡00)
አዳማ???

ሲያትል ነኝ (አርብ ቀን 9፡20)
ስልኩ አይነሳም። ኦፕሽን ዶት ሲስ ቪ2 ነገ ብሎ ነበር፣ ላከው?

ታብ 8 (አርብ ቀን 9፡45)
አልላከም። ቤቱ ፋይበር አስገባ መሰለኝ፣ ዶንግሉን ለጎረቤት ሰጥቶታል ሲባል ነው የሰማሁት።

የድሮው ሊቀመንበር (አርብ ቀን 10፡00)
ረቂቅ 4 ገጽ 2 ላይ የማህበሩ ስም በምህጻረ ቃል ነው የተጻፈው። ይስተካከል።

ጸሐፊዋ (አርብ ቀን 10፡04)
ተስተካክሏል። ሲያትል፣ ቦርዱ ፈቅዷል ዶሜኑን አንተ ክፈለው፣ ግን ምዝገባው በማህበሩ ስም፣ የማሳወቂያው ኢሜይል የኔና የገንዘብ ያዥ።

ሲያትል ነኝ (አርብ ማታ 1፡30)
እከፍላለሁ ብዬ አልነበር? ትናንት ገብቼ ሳየው ሌላ ሰው ወስዶታል፣ 900 ዶላር ይላል። በዶት ኦርግ ፈንታ በሌላ ልፈልግ?

ገንዘብ ያዥ (አርብ ማታ 1፡33)
ከ20 ዶላር እንዳያልፍ። ደረሰኙ ላይ የማህበሩ ሙሉ ስም ይጻፍ።