የተላጠ ፓራውልት፦ ስቲከር ይለበስ ወይስ ቀለም ይነፋ?

ነጭ ሴዳን፦
ሰላም ወገኖች። መኪናዬ በቆመችበት አንዱ የኋላ ፓራውልቷን (ባምፐሯን) ገጭቶ ሄደ። ቀኝ ማዕዘኑ ላይ መዳፍ የሚያክል ቦታ ቀለሙ ተልጦ ጥቁሩ ፕላስቲክ ይታያል። ዙሪያው ተጫጭሯል፣ ከታች ወደ ጎማው በኩል ደግሞ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አለ። ቀለሟ ነጭ ነው፣ ግን ተራ ነጭ አይደለም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨው ፐርል ነጭ ነው።

አንድ ቀለም ቀቢ ፓራውልቱን አውርጄ ሙሉውን እነፋዋለሁ አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ምን አስለፋህ፣ ነጭ ስቲከር አልብሰው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ጭረቱም ስንጥቁም ይሸፈናል ይለኛል። ሲሰለቸኝ ልልጠው መቻሌ ደስ ብሎኛል። መኪናዋን በቅርቡ የመሸጥ ሐሳብ የለኝም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ?

ስቲከር አልባሹ፦
ሥራዬ ስቲከር ማልበስ ነው። እንዲያም ሆኖ ለዚህ ፓራውልት የምመክርህ ቀለም ነው።

ስንጥቁ ይሸፈናል ያለህ ሰው አሳስቶሃል። ጥሩ የሚባለው የስቲከር ፊልም፣ ካስት ቪኒል፣ ሙጫው ተጨምሮ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል የሳሳ ነገር ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል እንጂ አይደብቅም፤ የሚያንጸባርቅ ዓይነት ከሆነማ ጭራሽ ያጎላዋል። ጥፍርህን ጭረቱ ላይ አሻግረህ ጎትት። ጥፍርህን ከያዘው ስቲከሩም ላይ ይታያል። ስንጥቁ ደግሞ የባሰ ነው፣ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሁለቱ ጠርዞች ስለሚፋተጉ ፊልሙ እዚያው ላይ ይቀደዳል።

የተላጠውም ቦታ ችግር ነው። ሙጫው የሚይዘው ለስላሳ፣ በደንብ የደረቀና ከፕላስቲኩ ጋር አጥብቆ የተያያዘ ቀለም ላይ ነው። የፓራውልት ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ያለበት ነው፤ ባዶውን ሲሆን ሙጫ እንደልብ አይይዘውም። ሲሰለቸኝ እልጠዋለሁ ያልከውም የሚሠራው ከሥሩ ያለው የፋብሪካ ቀለም ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ጠርዙ የተነሳ ቀለም ላይ ለጥፈህ ስታነሳው ቀለሙን ይዞልህ ይመጣል።

ደግሞ ፓራውልት ለእኛም ከመኪናው ሁሉ አስቸጋሪው ቦታ ነው። ኮፋኖ ጠፍጣፋ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ይሄ ግን በየአቅጣጫው ይታጠፋል፣ የሰሌዳው ጉድጓድ አለ፣ የሴንሰር ቀዳዳ አለ። ከልክ በላይ የተሳበ ፊልም ቀለሙ ይገረጣል፤ ውሎ አድሮም ወደ ቀድሞ መጠኑ ሊሰበሰብ ሲል ጎድጓዳው ላይ እንደ ድንኳን ይወጠራል። ይህ እንዳይሆን ነው መጨረሻ ላይ የተሳበው ቦታና ጠርዙ እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚሞቀው። ያንን የሚዘል ሰው ከሠራልህ ጠርዙ መልቀቁ አይቀርም።

ፐርል ነጩን ቁርጥ የሚመስል ፊልም ማግኘትም ከባድ ነው። ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) እዚያው አጠገቡ ስላለ ልዩነቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ቀለም ቀቢ ነኝ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ እውነቱን ነው የነገረህ። እኔ የምጨምረው፣ ቀለም ስለተባለ ብቻ ጥሩ ይሆናል ማለት አይደለም። ፓራውልት ላይ ቀለም በቅጠል በቅጠሉ ሲላጥ የምታየው ሠሪው እንደ ላሜራ ቆጥሮ ስለነፋው ነው።

መጀመሪያ ይውረድ። ሳይወርድ የሚሠራ ከሆነ ከጀርባ ያለውን አታየውም፣ እና ከውጭ ትንሽ ጭረት የሚመስል ነገር ውስጡ ክሊፖቹን ሰብሮ፣ መያዣውን አጣምሞ፣ ምቱን የሚውጠውን ፎም ጨፍልቆ ሊገኝ ይችላል። ስንጥቁ በፕላስቲክ ብየዳ ወይም ሁለት ነገር ተደባልቆ በሚሠራ ማጣበቂያ ከጀርባው መረብ ተደርጎለት ይያዛል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብትበሳ ወደ ፊት አይሄድም። ጉድጓዱን የሚሞላው ስቱኮም የፕላስቲክ፣ የሚተጣጠፈው ዓይነት ይሁን፤ የብረቱ ስቱኮ ፓራውልቱ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ዋናው ነገር አለ። ባዶው ፕላስቲክ በደንብ ታጥቦ፣ ቅባቱ ወጥቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ከቀለሙ በፊት ቀለሙን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቅ የፕላስቲክ ማያያዣ ይነፋበታል። ቀለም ቀቢህን "ባዶው ፕላስቲክ ላይ መጀመሪያ ምን ትነፋለህ?" ብለህ ጠይቀው። መልስ ከሌለው አመስግነህ ሂድ።

ያንተ ፐርል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ንብርብር ነው፦ ከሥር ነጩ፣ መሐል ፐርሉ፣ ላዩ ላይ ክሊሩ፣ ማለትም ቀለም አልባው መሸፈኛ። የመሐሉ አንድ ዙር ቢበዛ ወይም ቢያንስ ቀለሙ ይቀየራል። ስለዚህ የቀለም ኮዱ ብቻ አይበቃም (ኮዱ ብዙ መኪና ላይ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ይገኛል)። ትንሽ ካርድ ላይ ተነፍቶ፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ጎን ለጎን ይታይ።

ራሴ እነፋዋለሁ የሚል ካለ ደግሞ እባካችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። ሁለት ድብልቅ የሆነው ክሊር ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያስይዛል። የአቧራ ማስክ ምንም አያደርግላችሁም።

መንገደኛ፦
በሁለቱም እስማማለሁ፣ ግን ስቲከር ዋጋ የለውም ብሎ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር። ቀለሙ ሳይላጥ ክሊሩ ላይ ብቻ የቀረ ጭረት ከሆነ መጀመሪያ በፖሊሽ ይሞከር፤ ብዙው ይጠፋል። ቀለሙ ጤነኛ ሆኖ ትንንሽ ጭረት የቀረበትና መልክ መቀየር ለሚፈልግ ሰው ስቲከር ጥሩ ነው፤ በተለይ የፓራውልቱን ታችኛውን ክፍል ብቻ ጥቁር ማድረግ። እዚያ ቀለም ማመሳሰል የሚባል ጣጣ የለም። እና የጥራቱ ልዩነት ሰፊ ነው፣ ካላንደርድ የሚባለው ርካሹ ፊልም ለጠፍጣፋ ነገር እንጂ ለፓራውልት ኩርባ አይሆንም።

ነጭ ሴዳን፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ይውረድና ይነፋ ብያለሁ። ሁለት ነገር ብቻ። ማዕዘኑ ላይ ከጎን የሚመጣ መኪና የሚጠቁም ሴንሰር አለው፣ ስቱኮና ቀለም ይረብሸዋል? ከተነፋ በኋላስ ጭረት የሚከላከለውን ግልጽ ፊልም ባለብሰው?

ቀለም ቀቢ ነኝ፦
ይሄን መጥቀስህ ጥሩ ነው። እሱ ከፕላስቲኩ ጀርባ የተቀመጠ ራዳር ነው፣ ሞገዱ ፓራውልቱን አልፎ ነው የሚሄደው። ፊት ለፊቱ ስቱኮ ወይም የቀለም ንብርብር ከተከመረ ሊሳሳት ይችላል። ብዙ አምራቾች በዚያ ቦታ ላይ ጥገና ይከለክላሉ፤ የመኪናህን የጥገና መመሪያ ሳያዩ እንዳይጀምሩ። ስንጥቁ ራዳሩ ፊት ከሆነ ሌላ ፓራውልት ገዝቶ መንፋት ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ ራዳሩ ይፈተሽ።

ስቲከር አልባሹ፦
ግልጹን ፊልም አልብሰው፣ ግን አትቸኩል። አዲስ ቀለም ውስጡ ያለው ቲነር ወጥቶ እስኪያልቅ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ካለበስከው ከሥሩ አረፋ ይሠራል። በአየር የደረቀ ከሆነ 30 ቀን ጠብቅ። በምድጃ ከደረቀ ሊያጥር ይችላል፣ ቀኑን ከቀለም ቀቢህና ከፊልሙ መመሪያ እይ። እስከዚያው ሰምም አትቀባው።