በብርድ ወራት ወደ ፍሎሪዳ፦ የባሕር ዳርቻ ወፎችን ፎቶ ለማንሳት ምን ልያዝ፣ የትስ ልቁም?

ጥያቄ (ብርድ የሸሸች)

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ዘንድሮ በረዶውን ሸሽተን ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት በመኪና ወደ ፍሎሪዳ እንወርዳለን። እናቴም አብራኝ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ በእግር መሄድ አትችልም፤ ተቀምጣ ወፍ ስታይ ግን ቀኑ ቢመሽም አይሰለቻትም።

ካሜራዬ ትንሹን ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለውን ክፍል)፣ ማለትም ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን የያዘ ነው፤ ሌንሱ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር። ቤቴ አካባቢ የማነሳቸው ወፎች ቅርንጫፍ ላይ የሚያርፉ፣ ዘር የሚለቅሙ ስለሆኑ አልተቸገርኩም። ባሕር ዳር ግን ሌላ ነው። ወፉ ይሮጣል፣ ይወነጨፋል፤ አሸዋውና ውኃው ያንጸባርቃሉ፤ ነጭ ወፍ ሳነሳ ደግሞ ላባው ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሌንስ ይበቃኛል ወይስ ትልቅ ልከራይ? እናቴ ከመኪና ሳትወርድ የምታይበት፣ እኔም የማነሳበት ቦታ አለ? የካሜራውን ቁጥሮች ከየት ልጀምር? ጨውና አሸዋውንስ እንዴት ልከላከል?

መልስ (ዓይነ ጭልፊት)

ሌንሱን እኔ ልመልስ። በአንቺ ካሜራ ላይ 300 ሚሊሜትሩ በትልቁ ሴንሰር 450 ሚሊሜትር የሚያሳየውን ያህል ያቀርባል። ለሚኒሶታ ዱር ያንስ ይሆናል፤ ለፍሎሪዳ ግን ብዙም አያንስም። እዚያ ያለው ወፍ ሰው የለመደ ነው። ዓሣ አጥማጆች ከሚቆሙበት የእንጨት ድልድይ አጠገብ ቡናማው ፔሊካን፣ ምንቃሩ ሥር ከረጢት ያለው ትልቁ የውኃ ወፍ፣ ምሰሶ ላይ ተጎልቶ ታገኚዋለሽ፤ እንዲያውም 300 በዝቶብሽ ወደ 150 የምትመልሺበት ጊዜ ይኖራል። ትልቁ ሰማያዊ ሳቢሳም እንደዚያው ነው፤ የዓሣ አጥማጁን ባልዲ እያየ ከጎኑ ይቆማል።

የሚያጥርሽ በትንንሾቹ ላይ ነው። ሳንደርሊንግ የሚባለው ማዕበሉን እየተከተለ ወደ ታች፣ ማዕበሉ ሲመለስ ደግሞ ወደ ላይ የሚሮጠው ወፍ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። እሱን አትከተዪው። የሚሄድበትን አቅጣጫ አይተሽ ራቅ ብለሽ ቅደሚውና እርጥቡ አሸዋ ዳር ተኚ። ካልተነቃነቅሽ ራሱ እየለቀመ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሌንሱ ሊያተኩር ከሚችልበት ርቀት አልፎ ይጠጋል።

ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር ያለውን ልከራይ ካልሽ አልከለክልሽም፤ ግን ወደ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። በመኪና መስኮት ለመጠቀም ጥሩ ነው፤ አሸዋ ላይ ይዞ መዞር ግን ደስታውን ይቀንሰዋል። ከተከራየሽ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይሁን።

መልስ (ጋሼ ታዛቢ)

ልጄ፣ እናትሽን ይዘሽ መሄድሽ ደስ ብሎኛል። ለእሳቸው የሚሆኑ ሦስት ቦታዎች ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ከኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ጎን ያለው የሜሪት አይላንድ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። እዚያ ብላክ ፖይንት የሚባል 7 ማይል ርዝመት ያለው የአንድ አቅጣጫ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ጥልቀት የሌለው ረግረግ ነው። ዳክዬው፣ ሳቢሳው፣ ስፑንቢል የሚባለው ምንቃሩ ማንኪያ የሚመስል ሮዝ ወፍ በብርድ ወራት እዚያ ይሰበሰባል። ወፎቹ መኪናን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ በር ተከፍቶ ሰው ሲወርድ ግን ይነሳሉ። ስለዚህ እዚያው መኪናሽ ውስጥ ሁኚ። መስኮቱን አውርደሽ ሩዝ ወይም ባቄላ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት ጠርዙ ላይ አስቀምጪና ሌንሱን አሳርፊበት። ሞተሩን ማጥፋት አትርሺ፤ ንዝረቱ ፎቶውን ያደበዝዛል፣ ከኮፈኑ የሚወጣው ትኩስ አየርም እንዲሁ።

ሁለተኛው ሳኒቤል ደሴት ላይ ያለው የዲንግ ዳርሊንግ መጠለያ ነው። ስሙን ያገኘው ከካርቱን ሠዓሊው ጄይ «ዲንግ» ዳርሊንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣውን የመጀመሪያውን የዳክዬ ቴምብር፣ ማለትም ዳክዬ አዳኞች እንደ ፈቃድ የሚገዙትን፣ የሣለው እሱ ነበር። ቴምብሩ ዛሬም በየዓመቱ ይወጣል፤ ዋጋው 25 ዶላር ነው፣ የመግቢያ ክፍያ ባላቸው የፌዴራል የዱር እንስሳት መጠለያዎች ሁሉ ያስገባል። እናትሽ 62 ዓመት ካለፋቸውና ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ካላቸው ግን የአረጋውያን ማለፊያ ካርድ ይሻላል፤ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ ነው፣ ብሔራዊ ፓርኮችንም ይጨምራል፣ አብሯቸው በመኪናው ያለውንም ሰው ያስገባል።

ሦስተኛው ኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የአንሂንጋ መንገድ ነው። ይህ በእግር ነው፤ ግን ደርሶ መልሱ አንድ ማይል አይሞላም፣ መሬቱ አስፋልትና የእንጨት ድልድይ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበርም ይሄድበታል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቁ ወቅት ነው፤ ውኃው እየሸሸ ዓሣው በቀረው ኩሬ ውስጥ ይታጎራል፣ ወፉም ተከትሎት ይመጣል። አንሂንጋ የሚባለው ጠላቂ ወፍ ላባው ውኃ ስለሚያስገባ ከጠለቀ በኋላ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ለጀማሪ እንደሱ ያለ ታጋሽ ሞዴል የለም። አዞዎቹ መንገዱ ዳር ስለሚተኙ እግራችሁ የት እንደሚረግጥ እዩ።

መንገዳችሁ በምሥራቁ ዳርቻ ከሆነ ፔሊካን አይላንድን እለፉበት። ድሮ ለሴቶች ባርኔጣ ላባ ሲባል ወፉ እየተገደለ ሊያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1903 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ያችን ትንሽ ደሴት ለወፎች ብቻ ከለሏት፤ የአገሪቱ የፌዴራል የዱር እንስሳት መጠለያዎች ሁሉ መነሻ እሷ ናት።

መልስ (ብርሃን ለኪ)

ነጩ ወፍ የሚጠፋብሽ ካሜራው በራሱ ስለሚወስን ነው። ጨለማ ውኃ ላይ የቆመ ነጭ ሳቢሳ ሲያይ አብዛኛው ክፍል ጥቁር ስለሆነ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ይጨምራል፤ ወፉ ይቃጠላል። በብሩህ ሰማይ ላይ የሚበር ጥቁር ወፍ ሲያይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስለዚህ ፀሐዩ በማይለዋወጥበት ጠዋት ካሜራውን በእጅ ወደሚሞላው ሁነታ አዙሪው። ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ወፉ ከውኃ ወደ ሰማይ ቢሄድ ቁጥሮቹን መንካት የለብሽም።

ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ለነጭ ወፍ መነሻ፦ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 6.3፣ የመዝጊያ ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400። አንድ ሁለት አንሺና በስክሪኑ ላይ የተቃጠለውን ቦታ የሚያብለጨልጨውን ማስጠንቀቂያ ክፈቺው። የወፉ ጀርባ ካብለጨለጨ ፍጥነቱን ወደ 1/2500 ከፍ አድርጊ። ወደ ቡናማው ፔሊካን ስትዞሪ ደግሞ አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ አድርጊው። ደመና ከሆነ ከዚያም በላይ ብትሄጂ አትፍሪ፤ ሸካራ ፎቶ ይታረማል፣ የደበዘዘ ፎቶ ግን አይታረምም።

ቆሞ ለሚጠብቅ ሳቢሳ 1/500 ይበቃል። ፔሊካን ሲጠልቅ ግን 1/2500 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የሚጠልቀው ቡናማው ብቻ ነው፤ በብርድ ወራት የሚወርደው ነጩ ፔሊካን በቡድን እየዋኘ ዓሣውን ከቦ በከረጢቱ ይቀዳል እንጂ ከላይ አይወረወርም። ቡናማው ከመወርወሩ በፊት ምንቃሩን ወደ ታች ያዘነብልና አንድ ክንፉን ያጥፋል። መጫን ያለብሽ ያኔ ነው፤ ውኃውን ሲመታ የጫነ ሰው የሚያገኘው ፍንጣቂ ብቻ ነው።

ከቁጥሩ ሁሉ የሚበልጠው ግን ነፋሱ ነው። ወፍ የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው። ፀሐይና ነፋስ ሁለቱም ከኋላሽ ከሆኑ ወፉ ፊቱ በርቶ ወደ አንቺ ይመጣል። ስለዚህ ጠዋት የምሥራቅ ነፋስ፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ነፋስ ጥሩ ነው። ጠዋት የምዕራብ ነፋስ ከነፈሰ የሚደርስሽ የጅራት ፎቶ ነው፤ ያን ቀን የቆሙትን አንሺ።

መልስ (መረብ ጣይ)

ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ለፔሊካኑ አንድ ሁለት ዓሣ ጣል አድርጊለት። እግርሽ ሥር ይመጣል።

መልስ (ጠባቂ)

ይህን ምክር አትስሚ፣ እህቴ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፔሊካን የአጥማጁን መንጠቆ ከነዓሣው ይውጣል፣ ክሩ ክንፉ ላይ ይጠመጠምበታል። ፍሎሪዳ ውስጥ አዞ መመገብ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። በብሔራዊ ፓርኮችና በፌዴራል መጠለያዎች ውስጥ ድሮን ማብረርም አይፈቀድም፤ ይዘሽ ከሆነ ቤትሽ ተዪው።

አሸዋው ላይ በአንድነት ፊታቸውን ወደ ነፋስ አዙረው የሚያርፉትን ወፎች ስታዪ ቀጥ ብለሽ ወደ መሐላቸው አትሂጂ። ከእነሱ መካከል ሬድ ኖት የሚባለው ከካናዳ አርክቲክ የመጣ ነው፤ ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባለዋ አሸዋ መሳይ ትንሽ ወፍ ደግሞ ቁጥሯ ተመናምኖ በፌዴራል ሕግ የምትጠበቅ ናት። እያስነሱ ማብረር የሰበሰቡትን ስብ ማስጨረስ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መልቀም ካቆሙ፣ አንገታቸውን ካረዘሙ ወይም በዝግታ ከአንቺ መራቅ ከጀመሩ አልፈሻል ማለት ነው። ባለሽበት ቁጭ በዪ፤ መለስ ካሉ እዚያው ቆዪ፣ ካልተረጋጉ ወደ ኋላ ተመለሺ።

ከየካቲት ጀምሮ አንዳንድ ቦታ በገመድና በምልክት ይከለላል፤ አሸዋ ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች ጎጆ የሚጀምሩበት ጊዜ ነው። ገመዱ ውስጥ ምንም ባይታይሽም አትግቢ፤ እንቁላሉ ራሱ አሸዋ ይመስላል።

መልስ (ጨውና አሸዋ)

ማንም ያልነካው የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው። አሸዋ ላይ ሌንስ አትቀያይሪ፤ ነፋሱ ቢቆም እንኳ መኪና ውስጥ ገብተሽ ቀይሪ። ማታ ማታ ካሜራውንና ሌንሱን በንጹሕ ውኃ ነከር አድርገሽ በደንብ በጨመቅሽው ጨርቅ ጥረጊ፤ ጨው ደርቆ ከቆየ ቁልፎቹ ሥር ይገባል። የሌንሱን መስታወት ከመጥረግሽ በፊት አሸዋውን በመንፊያ አራግፊ፣ አለበለዚያ የምትጠርጊው በብርጭቆ ወረቀት ነው። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ከያዝሽ ባሕር ውስጥ የገባውን እግር ፈትተሽ እጠቢው።

ሌላው ጤዛ ነው። በቀዝቃዛ አየር ያደረ ካሜራ ከሆቴል ወደ ውጭው ወበቅ ሲወጣ ከውስጥም ከውጭም ይታጠናል። ሌሊቱን በተዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አሳድሪውና ስትወጪ ከረጢቱን ሳትከፍቺ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዪው፤ ላቡ ከረጢቱ ላይ ይቀራል። መኪና ውስጥም ቅዝቃዜ ማውጫውን ቀደም ብለሽ አጥፊ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ረፋዱ ላይ አሸዋው ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል። የዚያን ጊዜ ከሩቅ የተነሳ ፎቶ ሁሉ የደበዘዘ ይሆናል፤ ሰው ሌንሱን ወይም ፎከሱን ይወቅሳል። ረጅም ሌንስ አያድነውም። ወይ ተጠጊ፣ ወይ ቁርስሽን ብዪ።

ብርድ የሸሸች

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ እናቴ የአረጋውያኑን ካርድ ሰምታ ከአሁኑ መንገድ ጀምራለች። አንድ የቀረኝ ነገር የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። የትኛው ይሻላል? ዕቅዳችን የመጀመሪያውን ሳምንት ሜሪት አይላንድ፣ ሁለተኛውን ፎርት ዴ ሶቶ የሚባለው የባሕር ዳር ፓርክ፣ ከዚያ ዓርብ ጠዋት ሳኒቤል፣ በመጨረሻም ኤቨርግሌድስ ነው።

መልስ (ዓይነ ጭልፊት)

እንደምትፈልጊው ፎቶ ይለያያል። ውኃው ሲጎድል ጭቃውና አሸዋው ይገለጣል፣ ወፉ ተበታትኖ ይመገባል። ሬዲሽ ኢግሬት የሚባለው ቀላ ያለ ሳቢሳ ሲጨፍር የምታገኚው ያኔ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እየሮጠ፣ እየዞረ፣ ክንፉን እንደ ጥላ ዘርግቶ ዓሣ ያድናል። ውኃው ሲሞላ ደግሞ ሁሉም በቀረችው ደረቅ አሸዋ ላይ ተጠጋግቶ ያርፋል፤ ብዛታቸውን ለማሳየት ይህ ነው ጊዜው። የፎርት ዴ ሶቶ ሰሜናዊ ዳርቻ ለሁለቱም ይሆናል።

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የውኃው ከፍታ ልዩነት ትንሽ ነው፤ አንዳንድ ቀን መሙላቱም መጉደሉም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የትናንቱን አይተሽ አትገምቺ፤ የአገሪቱ የውቅያኖስና የአየር ጥናት ተቋም፣ ኖኣ፣ ሰንጠረዡን በነፃ ያወጣል። ብርድ አዘል የሰሜን ነፋስ ከገባ ደግሞ ውኃውን ገፍቶ ሰንጠረዡ ካለው በታች ያወርደዋል።

መልስ (ጋሼ ታዛቢ)

ልጄ፣ ዓርብን ለውጪው። የዲንግ ዳርሊንግ የመኪና መንገድ ዓርብ ዓርብ ዝግ ነው። ሐሙስን ወይም ቅዳሜን ያዢና ውኃው የሚጎድልበትን ሰዓት ተመልክተሽ ግቡ። ሜሪት አይላንድም ሮኬት በሚተኮስበት ቀን አንዳንድ መንገዶች ስለሚዘጉ ከመነሳታችሁ በፊት ማታውን አጣሩ።