ያልተገመገመ ጥናት እጁ የገባ ጋዜጠኛ ይዘግብ ወይስ ይጠብቅ? የደሴና ኮምቦልቻ ልጆች ክርክር

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ገፅ ላይ «ኮምቦልቻ ወንዝ ዳር የሚበቅል ሰላጣ ካንሰር እንደሚያመጣ ጥናት አረጋገጠ» የሚል ፖስት ወጥቶ ደሴም ኮምቦልቻም ሲዞር ሰንብቷል፣ አይታችሁታል። እኔ ጥናቱን ከጓደኛዬ ተቀብዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የማስተርስ ተማሪ መመረቂያ ነው፣ ሌሎች ባለሙያዎች ገምግመው በሚያሳልፉት የሳይንስ መፅሄት፣ ጆርናል በሚባለው ላይ አልወጣም። የለካው ከቆዳ ፋብሪካ ቱቦ የሚወጣውን ውሃና ከሱ በታች ያለውን ወንዝ ነው፣ ሰላጣ የሚባል ነገር አልነካም፣ ካንሰር የሚለው ቃል እራሱ መግቢያው ላይ አንዴ ነው ያለው። ግን ቱቦው አፍ ላይ የተቀዳው ውሃ ውስጥ ክሮሚየም የሚባለው ብረት በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ይሄም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ጥያቄዬ፣ ጋዜጠኛ እንዲህ አይነት ነገር ሲያገኝ ይዘግብ ወይስ ተገምግሞ እስኪወጣ ይጠብቅ? እኔ ይዘግብ ባይ ነኝ፣ እንደዛ ገፅ ግን አይደለም።

የቆስጣ ነጋዴዋ ልጅ፦
ይጠብቅ! እናቴ ሰላጣና ቆስጣ ሸጣ ነው ያሳደገችን፣ ያ ፖስት የወጣ ሰሞን ሰኞ ገበያ ይዛው የወጣችውን ግማሹን ይዛው ተመለሰች፣ ሰው እያነሳ «ከየት የመጣ ነው» ይላትና አስቀምጦ ይሄዳል። ወላሂ ከየት እንደመጣ እሷ በምን ታውቃለች፣ ከአከፋፋይ ነው የምትረከበው። ፖስቱን የፃፈው ልጅ ምን ሆነ? ምንም። ላይክ አገኘ።

ጦሳ፦
እህቴ የእናትሽ ነገር ያማል፣ ግን ይጠብቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ቱስኪጊ የሚባል ቦታ የመንግስት ጤና መስሪያ ቤት በፈረንጆቹ ከ1932 ጀምሮ ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ሳያክም ለ40 አመት በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ሲያይ ኖሯል፣ ፔኒሲሊን ከመጣ በኋላ እንኳን ከለከሏቸው። ጉዳዩ ድብቅ አልነበረም እኮ፣ በህክምና ጆርናል በየጊዜው ይወጣ ነበር፣ የሚገመግሙት ሰዎች አንብበው አለፉት። ፒተር ባክስተን የሚባል የመስሪያ ቤቱ ሰራተኛ ውስጥ ሆኖ ቢጮህ ቢጮህ የሚሰማው ሲያጣ ለጋዜጠኛ ሰጠው፣ በ1972 የዜና ወኪሉ የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ጂን ሄለር ፃፈችው፣ ከዛ ነው የቆመው። ግምገማ ብንጠብቅ ኖሮ ስንቱ ይሞት ነበር?

ሸዋ በር፦
ልጄ ጦሳ፣ ታሪኩ ልክ ነው ግን ግማሹን ዘለልከው። ሄለር ወረቀቱ እጇ እንደገባ ሮጣ አልፃፈችም። ጆርናሎቹን ፈልጋ አገኘች፣ ይዛቸው ወደ መስሪያ ቤቱ ሄደች፣ ራሳቸው አመኑላት፣ ከዛ ወጣ። እኔ ሬዲዮ ላይ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ የሚያስቸግረን ይሄ መሀል ላይ ያለው ስራ ነው፣ አይታይም፣ አበልም የለውም፣ ኤዲተሩም «ዛሬ ይውጣ» ነው የሚለው። ተገምግሟል የሚለውም ብቻውን አያድንም። ዌክፊልድ የሚባለው ሀኪም በፈረንጆቹ በ1998 በ12 ህፃናት ላይ ተመስርቶ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ላንሴት የሚባለው ትልቁ የህክምና ጆርናል ላይ ነው፣ ከዛ በላይ ምን ጆርናል አለ? ጋዜጦቹ አራገቡት፣ ወላጅ ልጁን አላስከትብም አለ። ብራያን ዲር የሚባል ጋዜጠኛ በ2004 ሰውየው ክትባት አምራቾቹን ከሚከሱ ጠበቆች ገንዘብ ይቀበል እንደነበር አወጣ፣ ላንሴት ፅሁፉን ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው። ቁጠሩት፣ 12 አመት።

የቦርከና ልጅ፦
ጋሼ እርሶ እንዳሉት ከሆነ ጥያቄው መጠበቅ አለመጠበቅ ሳይሆን በመሀል ምን ሰራ የሚለው ነው ማለት ነው።

ላብ ያለሁት፦
ስለ ክሮሚየሙ ልናገር፣ ስራዬ ነው። ቆዳ የሚያለፉበት ክሮሚየም 3 ነው፣ በጣም መርዘኛው ክሮሚየም 6 ነው፣ 3ቱ አንዳንዴ ወደ 6 ሊቀየር ይችላል ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ መፃፍ ትልቅ ስህተት ነው። ያ ጥናት የለካው ጠቅላላውን ነው። ደግሞ የአለም ጤና ድርጅት በሊትር 0.05 ሚሊግራም የሚለው ለመጠጥ ውሃ ነው፣ የቱቦ ውሃ ከዛ ጋር አወዳድሮ «መቶ እጥፍ» ብሎ መፃፍ ሰው ያስደነግጣል እንጂ ምንም አያስረዳም፣ ቱቦው የራሱ የፍሳሽ ገደብ አለው። ሌላው፣ ስንት ጊዜ ነው የተቀዳው? በክረምት ወንዙ ሲሞላ ይቀጥናል፣ በበጋ ይከማቻል። ከፋብሪካው በላይ በኩል ያለው ውሃስ ተለክቷል? እሱ ከሌለ ከየት እንደመጣ መናገር አይቻልም። ጋዜጠኛው ይሄን ለመጠየቅ ኬሚስት መሆን የለበትም፣ ደውሎ ተማሪውን ያናግረዋል፣ ከዛ ጥናቱ ውስጥ የሌለ ሌላ ባለሙያ ያናግራል። ሁለት ስልክ ነው።

ጦሳ፦
እሺ ተማሪውን ደወለ። ፋብሪካውንስ? መልስ ስጡኝ ብሎ ሳምንት ሲሰጣቸው እኮ ቱቦውን ይዘጉታል ወይ ሌሊት ይለቁታል፣ ከዛ ሰው ልከው «ይኸው ንፁህ ነው» ይላሉ። ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው በናታችሁ።

ሸዋ በር፦
ለዛ ነው ቅደም ተከተል ያለው። ናሙናውን መጀመሪያ ትቀዳለህ፣ ከላይም ከታችም፣ በተለያየ ቀንና ሰአት፣ ቀኑንና ሰአቱን ፅፈህ፣ ፎቶ አንስተህ፣ ለሁለት ላብ ትልካለህ። ውጤቱን ይዘህ ነው የምትጠይቃቸው፣ በፅሁፍ። ከዛ በኋላ ቱቦውን ቢዘጉት እሱም ዜና ነው። ጎን ለጎን የአካባቢ ጥበቃ ቢሮውን የቁጥጥር ሪፖርታቸውን ትጠይቃለህ፣ መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው በ590/2000 አዋጅ የመንግስት መስሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደብዳቤውን አስገብቶ ቁጥር የሚያስመታ ጋዜጠኛ ግን ጥቂት ነው፣ በቃል ተጠይቆ በቃል «ነገ ና» ይባላል፣ እዛው ይቀራል።

የቆስጣ ነጋዴዋ ልጅ፦
ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ውሃው ነው። እናቴን ሰው የሚጠይቃት ስለ ሰላጣው ነው። ምን ትበላቸው?

ላብ ያለሁት፦
እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ጥናት ስለ ሰላጣው አንድም ቃል መናገር አይችልም፣ ደህና ነውም መርዝ ነውም ለማለት። ቅጠል ወደ ውስጡ የሳበው ብረት ደግሞ በውሃ ታጥቦ አይለቅም፣ ስለዚህ «አጥባችሁ ብሉ» ብዬ ላታልልሽ አልችልም። መለካት ብቻ ነው መፍትሄው።

የቦርከና ልጅ፦
ለገፁ ኢንቦክስ ፅፌላቸው ነበር፣ ጥናቱ ሰላጣ አልለካም ብዬ የጥናቱን ገፅ ስክሪንሾት አድርጌ ልኬላቸዋለሁ። አይተውታል። ፖስቱ አሁንም እንዳለ ነው።

የቆስጣ ነጋዴዋ ልጅ፦
በቃ ሰኞ ከእናቴ እጅ ሁለት እስር ሰላጣ ወስጄ አመጣልሃለሁ፣ ለካልን።

ላብ ያለሁት፦
አብሽሪ አምጪው። ግን አከፋፋዩን ከየትኛው መሬት እንደመጣ ጠይቀሽ ወረቀት ላይ ፃፊልኝ፣ የወንዙን ውሃ ከማይጠጣ መሬት የተነቀለ አንድ እስርም ጨምሪበት። ብቻውን ብለካው ከምን ጋር አወዳድረዋለሁ?

ሸዋ በር፦
ከመነካቱ በፊት ፎቶ አንሱት። ሰአቱንም ፃፉ።