አክቲን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ኦ-ግሉክናክ ግን የለም! ለነገ ነው፣ እርዱኝ

ባዶ_ሜምብሬን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ውጤት ማሳየት አለብኝ። ሴሎቹን በ5 እና በ25 ሚሊሞላር ግሉኮስ አሳድጌ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን ሜምብሬን ላይ ተለጥፎ በአንቲቦዲ የሚታይበት ምርመራ) ሠራሁ። ግሉኮሱ ሲጨምር ፕሮቲኖቹ ላይ የሚለጠፈው አሚኖ ስኳር፣ ኦ-ግሉክናክ፣ አብሮ መጨመር ነበረበት። ምንም የለም! እዚያው ሜምብሬን ላይ ለማነጻጸሪያ ያየሁት ፕሮቲን፣ አክቲን፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምን ላድርግ?

ቡፈር_አዋቂ፦ ብሎክ ያደረግሽው (አንቲቦዲው ያለቦታው እንዳይጣበቅ ሜምብሬኑን የሸፈንሽው) በወተት ነው? የወተት ፕሮቲኖችም ስኳር አላቸው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በቢኤስኤ (የላም ደም አልቡሚን) ቀይሪው።

የኔታ_ባዮኬም፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ምን እየፈለግሽ እንደሆነ እወቂ። ካርመን-ሮሳ ቶሬስና ጄራልድ ሃርት ይህን ምልክት በ1984 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርጉ ብዙ ሰው ተገርሟል። ስኳር የተለጠፈባቸው ፕሮቲኖች ከሴሉ ውጪና በገጹ ላይ ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበራ! ይህኛው ግን ኒውክለስና ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። ኦጂቲ የሚባለው ኢንዛይም ይለጥፈዋል፣ ኦጂኤ የሚባለው ያነሳዋል። ፎስፌት የሚለጥፉት ካይኔዞች በሰው ውስጥ ከ500 በላይ ናቸው፤ እዚህ ግን አንድ ለጣፊ፣ አንድ አንሺ። የሚቀመጠውም ሴሪንና ትሪዮኒን በሚባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ ስለሆነ አንዳንዴ የፎስፌትን ቦታ ይይዛል። ጥሬ ዕቃው ዩዲፒ-ግሉክናክ ነው። እሱን ለመሥራት ግሉኮስ፣ ግሉታሚን፣ አሴቲል-ኮኤ እና ዩቲፒ ይገባሉ። ሴሉ መጥገቡን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ጉልበት_አመመኝ፦ እናቴ ለጉልበቷ የምትውጠው ግሉኮሳሚን የዚህ ዘመድ ነው? እሱን ስጫቸው፣ ሴሎቹ ይሮጣሉ 😄

ቡፈር_አዋቂ፦ ዘመድ ነው። ሴል ባህል ላይ ሲጨመር ጂፋት የሚባለውን ኢንዛይም ዘሎ ወደ ዩዲፒ-ግሉክናክ ይሄዳል። ብሎኩን ግን በቢኤስኤ!

ተጠራጣሪው፦ እኔ በመነሻው አልስማማም። ግሉኮስ ሲጨምር ኦ-ግሉክናክ ሁሌ ይጨምራል ያለው ማነው? በስብ ሴሎች ላይ በተለካው መሠረት ወደዚህ መንገድ የሚገባው ከግሉኮሱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ነው። አንዳንድ ሴሎች ውስጥማ ግሉኮስ ሲጠፋም ይጨምራል። ደግሞ የ25ቱ ጭማሪ ራሱ የኦስሞሲስ ጫና ነው። 5 ግሉኮስ ላይ 20 ማኒቶል (ጫናውን ብቻ የሚያመጣ፣ ግሉኮስ ያልሆነ) የጨመርሽበት ሳህን አለሽ?

ባዶ_ሜምብሬን፦ ማኒቶል አለኝ። ብሎኩም ቢኤስኤ ነው። ኦ-ግሉክናክን የሚይዘው አንቲቦዲ ሲቲዲ110.6 ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን ይዞ ምልክት የሚሰጠው) ደግሞ ለአክቲኑ የሠራው ራሱ ነው፣ ስለዚህ እሱ ደህና ነው።

ማታ_ላብ፦ እህቴ፣ ችግሩ እሱ ነው! አይጂኤምና አይጂጂ የተለያዩ የአንቲቦዲ ዓይነቶች ናቸው፤ ሲቲዲ110.6 የአይጥ አይጂኤም ነው፣ አይጂጂ አይደለም። የአክቲንሽ አንቲቦዲ ግን አይጂጂ መሆን አለበት። ሁለተኛሽ የአይጂጂን ኤፍሲ (የጭራውን ክፍል) ብቻ የሚይዝ ከሆነ አይጂኤሙን አያየውም። ጠርሙሱን አንብቢ። ፀረ-አይጥ አይጂኤም ከጎረቤት ላብ ለምኚ። ሜምብሬኑን ስትሪፕ ካላደረግሽው (አንቲቦዲዎቹን አጥበሽ ካላነሳሽ) ሁለተኛውን ብቻ ጨምረሽ ዛሬውኑ ታያለሽ። አክቲኑ 42 ኪሎዳልተን አካባቢ ይቀራል፣ አያስጨንቅሽ። ስትሪፕ ካደረግሽው ግን የመጀመሪያውንም ድገሚ። ፀረ-አይጂኤም ካጣሽ ሌላው የኦ-ግሉክናክ አንቲቦዲ፣ አርኤል2፣ አይጂጂ ነው፣ ባለሽ ሁለተኛ ይሠራል።

ሰላም_ለላብ፦ ወተት ተጠቅመሽ እንዳይሆን።

ማታ_ላብ፦ ቢኤስኤ ነው ብላለች እኮ። ሌላም ነገር፦ ሴሎቹን ስትበጣጥሺ ኦጂኤን የሚያግዱት ታያሜት-ጂ ወይም ፑግናክ ቡፈሩ ውስጥ ነበረ? ከሌለ ኦጂኤ ቱቦው ውስጥ ስኳሩን ያነሳብሻል። በታያሜት-ጂ የታከመ አንድ ናሙናም ጎን ለጎን ጫኚ። እሱ ካልታየ ጥፋቱ የብሎቱ ነው፣ የሴሎቹ አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ ከታየ ደግሞ አንቲቦዲውን ከብዙ ነፃ ኤን-አሴቲል ግሉኮሳሚን ጋር ቀላቅለሽ ድገሚው። ምልክቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ያየሽው ሌላ ነገር ነው።

ጉልበት_አመመኝ፦ ባዶ_ሜምብሬን፣ እንዴት ሆነ? ፎቶውን ለጥፊልን።