ዋሽንትና ደብል ቤዝ በአንቺ ሆዬ አልስማማ አሉን

የተከበራችሁ የሙዚቃ ባለሙያዎች፣ በደብረ ማርቆስ የምኖር ዋሽንት ተጫዋች ስሆን፣ ደብል ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) ከሚጫወት ጓደኛዬ ጋር ኖታ ሳንጽፍ፣ አንዳችን ሌላውን እየሰማን፣ በዚያው ቅጽበት የሚፈጠር ሙዚቃ እንለማመዳለን። በትዝታ ቅኝት እርሱ አንዱን ድምፅ በቀስት እንደ መሲንቆ ሲያስረዝምልኝ፣ እኔ በላዩ እንደ ልቤ እመላለሳለሁ፤ ይህ በእውነት ደስ ያሰኛል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ግን፣ ድምፆቹ በጣም የተቀራረቡበት ቦታ ላይ ስንደርስ እንጋጫለን። ባለ አራት ቀዳዳው ዋሽንቴ መቃኛ የለውም፤ በጠዋቱ ብርድ ዝቅ ብሎ ይጀምርና በትንፋሼ ሲሞቅ ከፍ ይላል፣ ሚ፣ ላ፣ ሬና ሶል ተብለው የተቃኙት የቤዙ ክሮች ደግሞ አብረውት አይወጡም። ክሮቹን ዋሽንቱ ከሞቀ በኋላ በእርሱ ልክ መቃኘት ይሻላል፣ ወይስ ጓደኛዬ ልቅ ክር (በጣት ያልተጫነ ክር) ሳይነካ በጣቱ እያስተካከለ ቢከተለኝ? በተግባር የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ አስረዱን።